ባለቤት የሌለው ፍርስራሽ የለም

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንድሪው ሙር ዲትሮይት ውስጥ ካነሣቸው ፎቶዎች አንዱ የአንድ መጋዘን ወለል ነው። መጋዘኑ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ማከማቻ ነበር። በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እሳት ከተነሣበት በኋላ መጻሕፍቱ እዚያው ቀሩ፤ በስብሰው አፈር ሆኑ። ከብስባሹ ላይ ቀጫጭን የበርች ዛፎች ቀጥ ብለው በቅለዋል። ፎቶው ያምራል፤ አልክድም። የሚያየው ሰው ምን እንደሚያስብም አውቃለሁ፤ ወረቀት ከዛፍ መጥቶ ወደ ዛፍ ተመለሰ፣ ተፈጥሮ የራሷን መልሳ ወሰደች፣ ወዘተ።

በጥር 2009 የዲትሮይት ኒውስ ጋዜጠኛ ቻርሊ ለዳፍ ከዚያው ሕንፃ ሌላ ወሬ ይዞ ወጣ። በአሳንሰሩ ጉድጓድ የተጠራቀመው ውሃ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ በረዶው ውስጥ የሰው ሬሳ አለ። ከላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ካልሲና ጫማ ያደረገ እግር። ያገኙት ደግሞ ባዶ ሕንፃ ማሰስ የሚወዱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ በረጋው በረዶ ላይ ሆኪ ሊጫወቱ የገቡ ሰዎች ነበሩ። ያለፈቃድ ገብታችኋል ተብለን እንጠየቃለን ብለው ለፖሊስ አልደወሉም። የዛፎቹ ፎቶና የእግሩ ወሬ አድራሻቸው አንድ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ሰው ገደሉ ማለቴ አይደለም። የምለው ይህ የፍርስራሽ ፎቶ የሚባል ዘርፍ፣ በሰው እጅ የተደረገውን ነገር ጊዜ ያደረገው ያስመስላል ነው። ማማሩ አይደለም ክፋቱ፤ ጥፋተኛውን በነፃ ማሰናበቱ ነው።

ዘርፉ የገነነው ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ነው። የአካባቢው መኪና አምራቾች ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር በ2009 ኪሳራ ሲያውጁ ጋዜጠኛውም አርቲስቱም ወደ ዲትሮይት ጎረፈ። ከ2005 ጀምሮ ሲመላለሱ የነበሩት ፈረንሳውያኑ ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር «የዲትሮይት ፍርስራሾች» የተባለውን ትልቅ አልበማቸውን በ2010 አሳተሙ፤ የሙር አልበምም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተኮረጀበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ነዋሪዎቹ ነገሩን ከብልግና ፊልም ጋር አዳብለው ስም አወጡለት። ስሙ ፎቶግራፍ አንሺዎቹን ቢያስከፋም አላቆማቸውም።

የአነሳሱ ዘዴ ራሱ ብዙ ይናገራል። ትልቅ ካሜራ በመቆሚያ ላይ ይተከላል፤ ክፍሉ ጨለምለም ያለ ስለሆነ የካሜራው ዓይን ለብዙ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ክፍት ሆኖ ይቆያል። ግድግዳው፣ የተላጠው ቀለም፣ የወዳደቀው ወንበር አንድም ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። በዚያ መሐል ሰው ቢያልፍ ግን ፊልሙ ላይ አይቀረጽም፤ ጥላ እንኳን ላይተው ይችላል። በ2010 ቆጠራ ዲትሮይት ውስጥ 713,777 ሰው ይኖር ነበር። በ1950 ከነበረው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አንጻር በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። አልበሞቹን የገለጠ ሰው በጦርነት ማግሥት ነዋሪዎቿ ጥለዋት የሸሹ ከተማ ያየ ይመስለዋል።

የባቡር ጣቢያውን እንውሰድ። ሚሺጋን ሴንትራል በ1913 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ባቡር በ1988 ወጣ። ቁመቱ፣ ቅስቶቹ፣ የተሰባበሩት መስኮቶቹ፣ ሁሉም ለካሜራ የተሠሩ ይመስላሉ፤ የዲትሮይት ውድቀት በተወራ ቁጥር የሚወጣው ፎቶ የሱ ነበር። ከፎቶው ሥር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የጣቢያው ስም፣ የከተማዋ ስምና ዓመቱ ነው። የባለቤቱ ስም የለም። ባለቤት ግን ነበረው፤ ያውም ቢሊየነር። ማኑኤል ሞሩን ይባል ነበር፤ ዲትሮይትን ከካናዳ የሚያገናኘው የአምባሳደር ድልድይም የሱ ነበር። ጣቢያውን ከ1990ዎቹ እስከ 2018 በእጁ ይዞት ቆየ። በ2009 የከተማው ምክር ቤት ሕንፃው በባለቤቱ ወጪ ይፍረስ ብሎ ወሰነ፤ ክስ ተነሣና ሳይፈርስ ቀረ። በ2018 ፎርድ ገዝቶ አደሰው፤ በሰኔ 2024 ተከፈተ። የዘመን ፍርድ ነው ሲባል የኖረው ፍርስራሽ፣ ባለቤቱ ሲለወጥና ገንዘብ ሲወጣበት በስድስት ዓመት ተጠገነ።

በፈረንሳውያኑ አልበም መግቢያ ላይ የታሪክ ምሁሩ ቶማስ ሱግሩ ጽሑፍ አለ። ስለዚህ ታሪኩን ፈጽሞ አልደበቁም። ሱግሩ በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ የዲትሮይት ቁልቁለት የጀመረው ብዙ ሰው እንደሚያወራው በ1967 ከተማዋ ውስጥ በተነሣው ሁከት ሳይሆን ገና በ1950ዎቹ፣ ፋብሪካዎቹ ወደ ከተማ ዳርቻ ሲሸሹና ጥቁሮች ከሥራም ከቤት ብድርም ሲገፉ እንደሆነ አሳይቷል። ችግሩ ጽሑፉ አልበሙ ውስጥ ሲቀር ፎቶዎቹ ብቻቸውን ዓለምን መዞራቸው ነው። ደግሞስ በሺህ ዶላር ካሜራ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቱ ተዘርግቶለት መግቢያ የሚያነብ ማን ነው?

ሱግሩ የሚለው ነገር ፎቶ አይወጣለትም ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ወደ ዲትሮይቱ ኤይት ማይል ጎዳና ልውሰደው። እዚያ ሰፈር መሐል ቁመቱ 1.8 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ግንብ አለ። በ1941 አንድ የሪል ስቴት ባለሀብት ለነጮች ብቻ የሚሸጥ ሰፈር ሊሠራ አሰበ። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ቦታው ከጥቁሮች ሰፈር ጋር ስለሚዋሰን ለብድሩ ዋስ አልሆንም አለ። ባለሀብቱ ግንቡን ገነባ፤ ዋስትናውን አገኘ። ግንቡ ዛሬም አለ፤ ጤነኛ ግንብ ነው፣ ዛፍ አልበቀለበትም። ዲትሮይትን ካፈረሷት ነገሮች አንዱ ይኸው ቆሞ ሳለ፣ ካሜራው የፈረሰ ነገር ፍለጋ ሌላ ሰፈር ይዞራል።

አልበሞቹ በወጡባቸው ዓመታት ምን ይደረግ ነበር? ዲትሮይት ኒውስ በ2020 ባወጣው ምርመራ መሠረት ከ2010 እስከ 2016 ድረስ ከተማዋ ከቤት ባለቤቶች ላይ ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ የንብረት ግብር አስከፍላለች። የቤቱ ዋጋ ከወደቀ በኋላ ግብሩ በድሮው ግምት ይሰላ ነበር። መክፈል ያቃተው ቤቱ በካውንቲው (በአውራጃው አስተዳደር) ሐራጅ ተሸጠ፤ ገዢ ያጣው ባዶውን ቀረ፤ መዳቡንና ቧንቧውን ሌባ ነቀለው። ከዚያ ባለካሜራው መጣና ስለ ጊዜ ተፈላሰፈ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። የሰባ ሰባቱ (ይህ ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) ረሃብ ፎቶዎች እህል አምጥተዋል፤ ውለታቸውን አልረሳም። ግን በፎቶዎቹ ውስጥ የነበረው የደረቀ መሬትና የከሳ ሕፃን ነው። ጦርነቱ፣ የወቅቱ መንግሥት የእርሻ ፖሊሲ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ድግስ ከፍሬሙ ውጭ ነበሩ። ሰማዩ ብቻ ተወቀሰ። ዛሬም ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲናገር ያ ፎቶ የሚደቀንበት ሰው በየአገሩ አለ።

ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሁለት መልስ አላቸው። አንዱ ትኩረት ስበናል ነው፤ ትኩረቱ ግን ግብር ተበልቶበት ቤቱን ላጣው ሰው ምን እንደፈየደለት ሲነግሩን አልሰማሁም። ሁለተኛው ለታሪክ አስቀምጠናል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ቺሊ የተወለደው ካሚሎ ሆሴ ቬርጋራ ለአሥርት ዓመታት ወደ አንድ የመንገድ ጥግ እየተመለሰ ያነሣል፤ በሱ ፎቶዎች ቤት ሱቅ ሲሆን፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ቦታው ሣር ሲለብስ ይታያል። ይህን ያህል ታጋሽ የሆነው ሰው ግን በ1995 የዲትሮይት መሐል ከተማ ባዶ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንደ አቴናው አክሮፖሊስ ፍርስራሽ ሆነው ይጠበቁ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰዎች በየቀኑ አውቶቡስ የሚጠብቁበትን አደባባይ ሙዚየም እናድርገው ማለት ነው። ነዋሪው መቆጣቱ ይገርማል?

ከዚህ ሁሉ የምመርጠው የፎቶግራፍ አንሺዋን የላቶያ ሩቢ ፍሬዚየርን ሥራ ነው። የተወለደችው ባለሀብቱ ካርኔጊ የመጀመሪያውን የአረብ ብረት ፋብሪካውን በ1875 በከፈተባት፣ በፔንሲልቬንያዋ ብራዶክ ነው። በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ አያቷን፣ እናቷን፣ የታመመ ገላዋን አንሥታለች። የከተማዋ ሆስፒታል በ2010 ሲዘጋና ሲፈርስ ፍርስራሹንም አንሥታለች፤ ነገር ግን እዚያ ይታከም የነበረውን ሰው አብራ ነው ያመጣችው። በዚያው ዓመት ሊቫይስ ብራዶክን የጂንስ ማስታወቂያ መቅረጫ አደረጋት፤ ሥራ ወዳድ፣ ዳግም የምትነሣ ከተማ ተብላ። ፍሬዚየር ኒው ዮርክ ሄደች፤ ኩባንያው በከፈተው የፎቶ ስቱዲዮ ፊት የለበሰችውን ሊቫይስ ሱሪ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እየፈተገች ቀዳደደችው።

ሁሉም እንደሷ ይሁን አልልም፤ ለሁሉም አያት ብራዶክ ውስጥ አልተሰጠውም። ከፎቶው ሥር ያለውን መስመር ግን ማንም ሊያስተካክለው ይችላል። ለምሳሌ በዲትሮይቱ የፓካርድ መኪና ፋብሪካ ፎቶ ሥር እንዲህ ይጻፍ፦ ፓካርድ መኪና እዚህ መሠራቱ በ1950ዎቹ አበቃ። በ2013 በግብር ዕዳ ሐራጅ ለአንድ የውጭ ባለሀብት በ405,000 ዶላር ተሸጠ። ገዢው ሊያለማው ቃል ገባ፤ አላለማውም። በ2022 ፍርድ ቤት ይፍረስ ብሎ አዘዘ፤ የማፍረሱ ሥራ እስከ 2024 ዘለቀ። ይህን ለማግኘት አጥር መዝለልም ጣሪያ ላይ መውጣትም አያስፈልግም፤ የካውንቲው የንብረት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው።