የጥምቀት ሰልፍና የተማሪ ድርሻ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት በከተማችን በአምቦም የታወቀ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰለፍ፣ በዓሉ ከቀሚስ ይበልጥ ክንድ እንደሚፈልግ ተረዳሁ። ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልሎ፣ በሩጫ ወደ ፊት አድርሶ እንደገና መዘርጋት ቀላል ድካም አይደለም። ቢሆንም ከዳር ቆሞ ከመመልከት እጅግ የሚበልጥ ደስታ አለው።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ዳሩ ግን ቅርስን የሚጠብቀው መዝገብ ሳይሆን ሰው ነው። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚቀረውን የፕላስቲክ ጠርሙስና የሸንኮራ ልጣጭ ማን ያነሣዋል? ሁላችንም ተመልካች ከሆንን የሚያነሣው አይገኝም።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ በዓሉ የሚፈጸመው መንገዱ ሲጠረግ ነው እንበል። መንገዱ የሁላችን ስለ ሆነ ሌላ እምነት ያላቸው ጓደኞቻችንም በጠረጋው ሊተባበሩን ይችላሉ። ወላጆቻችንም ለጥምቀት አዲስ ልብስ ሲያለብሱን፣ መጥረጊያም ቢያስይዙን መልካም ነው እላለሁ።