ብርቱ ሬቲኖልና የፊታችን ቆዳ

ከወር ደመወዛችሁ ቈጥባችሁ በምትገዙት የሬቲኖል ሴረም ላይ 1% ተብሎ ቢጻፍ ብርቱ መሆኑን ዕወቁ፤ ለጀማሪ ከዚያ ያነሰው ይሻላል። ሬቲኖል ከቫይታሚን ኤ ወገን ነው፤ የቆዳን መታደስ አፋጥኖ ብጉርንና የብጉርን ምልክት ይቀንሳል። ነገር ግን ያለመጠን ከተቀባ ፊትን ያቃጥላል፤ ይልጣል። የጠይም ሰው ቆዳ ደግሞ ሲቈጣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ያወጣል። ለማጥራት የገዛነው መልሶ አጠቈረን ማለት ነው።

መፍትሔው ቀስ በቀስ መልመድ ነው። በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ይበቃል። ፊታችሁን ታጥባችሁ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በአተር ፍሬ መጠን ለመላው ፊት አዳርሱ፤ ዓይንንና ከንፈርን አታስነኩ። ከዚያ ተራ የፊት ቅባት ደርቡበት። ጧት ጧት ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይቅር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና፣ ብርድ ቢኖርም ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ቢያሳክክ ወይም ቢላጥ እስኪሽር ተዉት። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፅነስ ያሰበች ፈጽሞ አትቀባው።

ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር ያህል በኋላ ነው፤ በየማለዳው መስተዋት ፊት መቆም አያፈጥነውም።