ስለ ተሳቢና በመኪና ጎን ስለሚጨመር መስታወት

የመንዝና የግሼ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሥራውን ከፊቱ አድርጎ ይሠራል። ሲያርስ ጥማዱ ከፊቱ ነው፤ እርሱም ዕርፉን ጨብጦ ከኋላ ይከተላል። ገብሱን ወይም ባቄላውን ጭኖ ወደ ራቤል ገበያ ሲሄድም አህዮቹን አስቀድሞ ከኋላ ሆኖ ይነዳል፤ ጭነቱ ቢያጋድል፥ መጫኛው ቢላላ፥ አንዲቱ አህያ ወደ ገደሉ ብትጠጋ ወዲያው ያያል። መንዳት የሚለው ቃል ራሱ ይህን ያመለክታል፤ የሚነዳ ከኋላ ነው፥ ከፊት ሆኖ የሚሄደው ግን ሳቢ ወይም ጎታች ይባላል። በወንጌልም ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው መነቀፉ ስለዚህ ነው፤ የአራሽ ሥራ ሁሉ በፊቱ ነውና።

በመኪና ኋላ ተሳቢ በተቀጠለ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው በስም ነጂ ቢባልም በእውነቱ ሳቢ ነው፤ ጭነቱ ከጀርባው ስለ ሆነ ቢያጋድልም፥ ቢፈታም፥ ሰው ቢገጭም በገዛ ዓይኑ አያየውም። ያለ መስታወት ተሳቢ የሚጎትት ሰው አህዮቹን ከኋላው አስከትሎ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ሳይል ገደል ለገደል ከሚሄድ ነጋዴ አይሻልም። እንዲህ ያለውን ነጋዴ በራቤል ገበያ ማንም እህሉን አያስጭነውም።

ነገሩ ዛሬ ለግብርና ሹማምንት የሚቀርብበት ምክንያት አለ። በሬ በአውድማ ላይ ማበራየቱ ባይቀርም፥ የስንዴና የገብስ መውቂያ መኪና በደጋው አገር እየተለመደ ሄዷል። ይህ መውቂያ በመኸር ወራት በትራክተር ወይም በትንሽ የጭነት መኪና እየተጎተተ ከአውድማ ወደ አውድማ ይዞራል፤ የውኃ በርሜልና የጭድ ጭነትም እንዲሁ በተሳቢ ይሄዳል። እነዚህም ብዙ ጊዜ ከሚስባቸው መኪና ይልቅ በወርድ ይሰፋሉ። ስለዚህ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ሌላ ተጨማሪ መስታወት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ የሾፌሮች ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ መውቂያውን ፈርሞ የሚያስወጣውን ሹም የሚመለከት ነው።

ብዙዎች አያስፈልግም ይላሉ። መኪናው በግራና በቀኝ ስፖኪዮ አለው፥ ረዳትም አለ፥ ከዚህ በላይ ወጪ ለምን ይሆናል ይላሉ። ይህን ቃል በገመድ መመርመር ይቻላል። ለምሳሌ የመኪናው ወርድ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር፥ የተሳቢው ወርድ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ተሳቢው በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የመኪናው ስፖኪዮ ከጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ የወጣ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የተሳቢውን ግንባር ነው። መስታወቱ አለ፤ ነገር ግን ግድግዳ ያሳያል። ተሳቢው ከመኪናው የማይሰፋ፥ ጭነቱም ከተሳቢው ጎን የማያልፍ ከሆነ ግን የነበረው መስታወት ይበቃል፤ እንዲህ ላለው ተጨማሪ እንዲገዛ ማስገደድ ገንዘብ ማባከን ነው።

በሌላ አገርም ሕጉ የሚከተለው ይህንኑ ልክ ነው። በታላቋ ብሪታንያ ሰዎች ለሽርሽር የሚያድሩበትን ካራቫን የሚባለውን የቤት ተሳቢ የሚጎትት ሰው፥ ከኋላው 20 ሜትር በራቀ ስፍራ ከተሳቢው ጎን ወደ ውጭ 4 ሜትር ያህል ማየት አለበት፤ የመኪናው መስታወት ይህን ካላሳየው ተጨማሪ ማድረግ ግዴታው ነው፥ ያላደረገም ይቀጣል። ያ አገር አስፋልቱ ሰፊ፥ ዳገቱም ዝቅ ያለ ነው።

የእኛስ መንገድ? ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር፥ በሞላሌና በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ራቤል የሚሄድ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፥ በቀትርም ቢሆን ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል። በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ በኩል እንዲሄድ ከተደረገበት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የመሪው ስፍራ በግራ ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ማየት ቢችልም የቀኙን ጎን ያለ መስታወት ከቶ አያየውም። ተሳቢ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የሳቢውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ መኪናው በደኅና ካለፈ በኋላ የተሳቢው የቀኝ ጎማ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። በዚያ ጠርዝ ላይ ገደል ባይኖር እንኳ መኪናው አለፈልኝ ብሎ የቆመ እረኛ፥ ወይም ልጅ ያዘለች እናት ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለ ረዳት የሚባለው ከዚህ ሁሉ የከበደ ክርክር ነው፥ ንቆ ማለፍም አይገባም። ረዳት ከኋላ ሆኖ ሲጮኽ ብዙ አደጋ አስቀርቷል። ነገር ግን የደጋው ነፋስና የሞተሩ ድምፅ ጩኸቱን ይውጠዋል፤ መኪናው ወደ ኋላ በሚሄድበት ጊዜም በቅድሚያ የሚገጨው እርሱ ራሱ ነው። በሌላ በኩል መስታወትም ሁሉን አያሳይም፤ ከተሳቢው በስተ ኋላ በቀጥታ ያለውን ምንም ዓይነት የጎን መስታወት አይደርስበትም። ስለዚህ ረዳቱ ከተሳቢው ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ፥ ሾፌሩ በመስታወቱ በሚያየው ስፍራ ቆሞ በእጁ ምልክት ይስጥ። ረዳቱ ከመስታወቱ በተሰወረ ጊዜ ሾፌሩ መቆም አለበት።

ይህ መሣሪያ እንደ ቅንጦት መቆጠሩም አያስደንቅም፤ በውጭ አገርም እንዲሁ ነበር። በ1901 ዓ.ም. ዶሮቲ ሌቪት የምትባል እንግሊዛዊት ስለ መኪና በጻፈችው መጽሐፍ ሴቶች ኋላቸውን እንዲያዩበት የእጅ መስታወት ይዘው እንዲሄዱ መከረች። በ1903 ዓ.ም. ሬይ ሃሩን የተባለው አሜሪካዊ በኢንዲያናፖሊስ እሽቅድምድም ላይ፥ ሌሎቹ ኋላውን የሚያይላቸው ረዳት ይዘው ሲወዳደሩ፥ እርሱ በረዳት ፋንታ መስታወት ሰክቶ ብቻውን ነዳና አሸነፈ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ መበየጃ ያለው ጋራዥ ሁሉ ክንዱን ከብረት ቧንቧ ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን በአንድ ክንድ ብቻ የተንጠለጠለ መስታወት በኮረኮንች መንገድ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አያሳይም፤ ከላይና ከታች በሁለት ክንድ መያዝ አለበት። መስታወቱም ዝርግ ቢሆን ይመረጣል፤ እብጥ ያለው ሰፊ ስፍራ ቢያሳይም የቀረበውን የራቀ አስመስሎ ያታልላል። ከተሳቢውም ጎን ጥቂት ብቻ ይውጣ እንጂ ከልክ አይለፍ።

ለመውቂያው ወይም ለተሳቢው የመውጫ ወረቀት የሚፈርም ሹም አስቀድሞ የመኪናውንና የተሳቢውን ወርድ በገመድ ያስለካ። ተሳቢው ወይም ጭነቱ ከመኪናው ሰፍቶ፥ የመኪናውም መስታወት የተሳቢውን ጎን አልፎ የማያሳይ ከሆነ፥ በግራም በቀኝም ተጨማሪ መስታወት ሳይሰካ አይፈርም። መኸሩ ደረሰ፥ ገበሬው ቸኩሏል የሚል ምክንያት ይቀርብለት ይሆናል፤ መስታወቱ ግን መኸር ሳይደርስ በክረምት ሊዘጋጅ ይችላል። ተሳቢው በተፈታ ጊዜም ክንዶቹ ይታጠፉ ወይም ይነቀሉ፤ በገበያ ቀን በራቤል ከተማ ሕዝብ መካከል ሲያልፉ የእግረኛውን ፊት እንዳይመቱ።