ከቁራሌው ጆንያ እስከ ቶርኖ ቤት

ቁራሌው እየጮኸ በካዛንቺስ ሲያልፍ የተሰነጠቀ ጄሪካን ሰጥተን ጥቂት ሳንቲም እንቀበላለን፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን አንጠይቅም። በዚያው ቀን በቂርቆስ አንድ የቶርኖ ባለሙያ በፍትጊያ የተበላ ዘንግ ይዞ፣ ምትኩ ከውጭ አገር እስኪመጣ ይጠብቃል። ሁለቱን የሚያገናኘው ዕውቀት ግን በእኛ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ነገሩ ምስጢር አይደለም። ናይለንና ፖሊኤትሊን የሚባሉት ፕላስቲኮች ብረት ሲፋተጋቸው በቀላሉ ያንሸራትታሉ። ተለይተው፣ ታጥበውና ተፈጭተው ዱቄት ከሆኑ በኋላ፣ ጸድቶ የጋለ ብረት አየር በሚያናፍሰው ዱቄት ውስጥ ቢነከር ፕላስቲኩ ቀልጦ ይለብሰዋል። ጊዜው ሲደርስ የሚያልቀው ልብሱ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም።

እናጋን አንልም። የጄሪካኑ ፖሊኤትሊን በ130 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ለሞተር ሆድ አይሆንም፤ ከብረትም ጋር በቀላሉ አይጣበቅም፤ ደጋግሞ የቀለጠም ይደክማል። ፒቪሲ ተቀላቅሎበት ከጋለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የአሲድ ጋዝ ይወጣዋል። ፈተናው የእኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ የቱ ፕላስቲክ ለየትኛው ክፍል? ለስንትስ ሰዓት?

በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪ ከካዛንቺስ ተነሣ፤ ሰፈር ሲነሣ የእጅ ሙያም አብሮ ይበተናል። አዋጅ ይከለክላል እንጂ አይሠራም። ክቡራን መምህሮቻችን ለመመረቂያ ጥናታችን ከጋራዥ የተነሣ ጥያቄ ይስጡን፤ እኛም እጃችንን ግራሶ ማስነካት አንፈር። የእጅ ወርቅ እንደ መዳብ ሲቆጠር የሚኖረው እስከ መቼ ነው?