ውሉን ማን ያንብብልን?

የፖለቲካ ፍልስፍና ትምህርት በተጀመረ ቁጥር መምህሮቻችን ሦስት ስሞችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፤ ሆብስ፣ ሎክና ሩሶ። እኛም ወደ ደብተራችን እንገለብጣቸዋለን። በአንደኛው ዘንድ ሰው ከፍርሃት ለመዳን ሲል ለገዥ አደረ፤ በሁለተኛው ዘንድ ገዥው ውሉን ካፈረሰ ሕዝቡ አደራውን ይነጥቀዋል፤ ሩሶ ደግሞ በ1762 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ሕዝብ የሚታዘዘው ለራሱ ነው አለ። ለፈተና ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። ነገር ግን ሦስቱም የሚነግሩን ማንም ሲፈረም ስላላየው ውል ነው። የኛ ውል ግን ቀን አለው፤ ወረቀትም አለው፤ በዚችው በምንማርባት ከተማ ደግሞ በቅርቡ ከባድ ፈተና ደርሶበታል። ስለዚህ ስለ ሩሶ የምንከራከረውን ያህል ስለዚህ ለምን አንከራከርም?

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ነበር፤ የ1948ቱም ተሻሽሎ ቢወጣ ሰጪው ያው ነበር። ስጦታ ደግሞ ውል አይደለም፤ ተቀባዩ እጅ ከመንሣት በቀር የሚለው የለውም። በ1979 ደርግ ረቂቁን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ፤ በዚያን ጊዜ የነበረውን የምርጫ ነጻነት የሚያውቁት ወላጆቻችን ይመስክሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ግን «እኛ» ብሎ ይጀምራል። እኛ ማለት እያንዳንዱ ሰው አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። ተዋዋዮቹ እነርሱ ስለሆኑ የሉዓላዊነት ሥልጣን በአንቀጽ 8 የእነርሱ ሆነ፤ ውሉንም የመተርጐም ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለእነርሱ ቤት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ ነው።

ይህ አሠራር መሠረት የለውም የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አንጥለውም። የተዋዋሉት ሰዎች ውላቸውን ራሳቸው ቢፈቱት፣ ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ዳኞች ከሚፈቱት ምን ይከፋል የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ችግሩ የሚመጣው ከተዋዋዮቹ አንዱ ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር ነው።

የሲዳማን ነገር እናንሣ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን የወሰነው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ነበር። አንቀጽ 47 እንዲህ ያለው ጥያቄ የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዝዛል። ዓመቱ ከመቼ ይቆጠራል? ዞኑ ከወሰነበት ቀን ነው ወይስ ጥያቄው ለክልሉ ከደረሰበት? ዓመቱ ቢያልፍስ ጠያቂው ምን ያደርጋል? አንቀጹ በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም ይላል። ትርጓሜ የሚያስፈልገው እንግዲህ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ሆኖም ግዴታው ያለበት የክልል ምክር ቤት፣ በአንቀጽ 61 መሠረት፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደራሴዎችን የሚመርጠው ያው ምክር ቤት ነው፤ የያኔው የደቡብ ክልል ደግሞ ብዙ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት በመሆኑ በዚያ ቤት ውስጥ ከማንም ክልል የሚበልጥ ወንበር ነበረው። ባለዕዳው ራሱ ዳኞቹን ይመርጣል ማለት ነው።

ሐምሌ 11 ቀን 2011 ደረሰ። የምርጫ ቦርድ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሕዝበ ውሳኔውን በአምስት ወር ውስጥ አደርጋለሁ ብሎ አስታውቆ ነበር፤ ግን ቀኑ የቀን ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ሕዝብ በልቡ የያዘው ቀን ነበር። በከተማችንና በዞኑ ሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ፤ የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ፤ ሱቅና ቤት ተቃጠለ። «አንድ ዓመት» የሚለው ሐረግ በምክር ቤት ሳይሆን በመንገድ ላይ ተተረጐመ።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው በሰላም ተካሄደ፤ ከመቶ 98.5 የሚሆነው ድምፅ ክልል መሆንን ደገፈ። አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥያቄውን ያቀረበው ብሔር ነው፤ መልሱን የሰጠው ግን ነዋሪው ነው። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው በሐዋሳ ነዋሪ ሆኖ ከተመዘገበ እኩል ድምፅ ነበረው። ውሉ የብሔሮች ነው ብንልም የድምፅ ሣጥኑ ሰውን በሰውነቱ ቈጠረው፤ ሎክ ቢያይ ደስ ሳይለው አይቀርም ነበር።

አሁን ሌላውን ጉዳይ አጠገቡ እናስቀምጥ። በ2012 በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫው በጊዜው አይደረግም ሲባል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን ትርጓሜ ይሰጠን ብሎ ወሰነ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን እየቀረቡ አስረዳ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን ሰጠ። በ36 ቀን! ያ ክርክር በይፋ መደረጉን እናደንቃለን፤ ብዙዎቻችን የሕገ መንግሥት ክርክር በጆሮአችን የሰማነው በዚያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ጠያቂው መንግሥት ሲሆን በ36 ቀን የሚገኘው ትርጓሜ፣ ጠያቂው ሌላ ሲሆን ለምን በዓመትም አይገኝም? ሥልጣን ላይ ያለው ወገን የሥልጣን ዘመኑን የሚያራዝም ትርጓሜ ከራሱ ወገን ሰዎች መቀበሉስ ማንን ያሳምናል? የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ከውሳኔው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የትግራይ ክልል ትርጓሜውን አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አደረገ። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተከፈተ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነበር አንልም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን በእጃቸው የያዙት ያንኑ አንድ ወረቀት ነበር።

በዚህ በምንኖርበት አገር ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ አንድ ልማድ አለ። ነገር የሚያነሣው ሰው «አፊኒ?» ይላል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ነገሩ አይታይም፤ ያልሰማ ሰው በፍርዱ አይታሰርም። በሌላውም አገራችን ክፍል ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ዳኛ ይሆን ነበር። ሁለቱም ልማዶች ለተራው ሰው የተከፈተ በር አላቸው። በሕገ መንግሥቱም አጣሪ ጉባኤ ዘንድ ባለጉዳይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጉባኤው ትርጓሜ አያስፈልገውም ካለ ይግባኙን የሚያየው ያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

እኛ ፍርድ ቤት ይተርጕመው ብለን አንጨርስም፤ የፍርድ ቤቶቻችንንም ነጻነት እናውቀዋለንና። የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ክልል እንደራሴዎች በዚያ ጉዳይ ላይ ድምፅ ከመስጠት ይታቀቡ። በ2012 ለመንግሥት ጥያቄ የተከፈተው የይፋ ክርክር ለማንኛውም ጠያቂ ይከፈት።

ለራሳችንም ቤት አንድ ጥያቄ አለን። የሕግ መምህሮቻችን በዚህ መንፈቅ በአንቀጽ 47 ላይ ለሁሉም ተማሪ የተከፈተ ክርክር እንዲያዘጋጁልን በማኅበራችን ስም እንለምናለን። የኢንጂኔሪንጉም የእርሻውም ተማሪ ይምጣ። ዓመቱ ከመቼ ይቆጠራል የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ እኛ እናቀርባለን።