አሮጌ ፒክአፕ ለገዛ የቤተ ሰብ አባት

አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ለዕለት አገልግሎት የሚያሰናዳ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነው፤ የአርባ ምንጭ ነዋሪ ግን ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ሊያስመረምር ይገባዋል። ይኸውም 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ካለችው ከጨንቻ ተነሥቶ፥ ቤተ ሰቡንና የፖም ሣጥኑን ጭኖ፥ በ37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ ስለ ሆነ ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይጠጣል፤ ፍሬኑ በቁልቁለት ሲግል ያ ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ በሙሉ ይለወጥ፤ ቱቦውና ሸራውም ይታይ፤ ነጂውም ፍሬኑን ዘወትር ሳይረግጥ በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ወይዘሮዪቱ የወንበሩ ጨርቅ እስኪለወጥ ጥቂት ትታገሥ፤ ቀለሙም ለከርሞ ቢቀር ግድ የለም።