አንባቢው ጥቂት ስለሆነ ጋዜጣው ይቅር?

«የግድግዳ ጋዜጣውን ማን ያነበዋል? ቢቀርስ ምን ይጎዳል?» የሚል አነጋገር በእጩ መምህራን ዘንድ ሲዘወተር ይሰማል። እርግጥ ነው፣ አንባቢያችን በፈላና በር ከሚገባና ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ዋጋ በአንባቢ ብዛት ይመዘናል ወይ? እኔ አይመዘንም ባይ ነኝ።

እስቲ ታሪክ እንመልከት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» እንኳ ሥርጭቱ 500 ቅጂ ገደማ ነበር። ይሁን እንጂ የዘመኑ ምሁራን ስለ ትምህርት መስፋፋትና ስለ አገር መሻሻል ሐሳባቸውን ያቀረቡት በዚሁ ጋዜጣ ነው። በጣሊያን ወረራ ጋዜጣው ቆመ፤ ሐሳቡ ግን አልቆመም።

በውጭውም ዓለም እንዲሁ ነው። ከ1840 እስከ 1844 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ «ዘ ዳያል» የሚባል የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና መጽሔት በየሦስት ወሩ ይወጣ ነበር። አዘጋጆቹ «ሰው እውነትን ከወረሰው ልማድ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ኅሊናውና ከተፈጥሮም ያገኛል» ባዮች ነበሩ። የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ማርጋሬት ፉለር ቀደም ሲል አስተማሪ ነበረች፤ የተቆረጠላትን ደመወዝ እንኳ አላገኘችም። ደንበኞቹ 300 አይሞሉም፤ የሚሳለቅበትም ብዙ ነበር። 16 ጊዜ ታትሞ ቆመ። ዳሩ ግን ኋላ ስመ ጥር የሆነው ደራሲ ቶሮ ጽሑፎቹን ማውጣት የጀመረው በዚሁ መጽሔት ነው። ፉለር በ1843 ስለ ሴቶች መብት ያወጣችው ጽሑፍም ሰፍቶ በ1845 መጽሐፍ ሆነ።

እነዚህን ለዛሬ ያደረሳቸው ምንድን ነው? አንደኛ የራሳቸውን ሐሳብ ጻፉ። ሁለተኛ እትሞቹን ያስቀመጠ ሰው ተገኘ። እኛስ? አንዳንዶቻችን ከመጽሐፍ የገለበጥነውን ጥቅስ ለጥፈን «ጻፍን» እንላለን። አዲስ ሲወጣ ደግሞ አሮጌው ተቀዶ ይጣላል። ሐረር እኮ በእጅ ጽሑፍ መጻሕፍቷና በጥራዝ ሙያዋ የታወቀች ከተማ ናት! እዚህ ተቀምጦ ወረቀት መጣል አያምርም።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። እያንዳንዱ ክፍል በወር ቢያንስ አንድ የራሱን ጽሑፍ ያቅርብ። መምህራንም ይጻፉ፤ ይተቹን። ከግድግዳ የወረደው እትም ቀን ተጽፎበትና ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው መርፌ፣ ክርና ካርቶን ብቻ ነው።

ነገ ገጠር ስንመደብ ሕፃናቱን «የራሳችሁን ጻፉ» እንላለን። እኛ ያልለመድነውን እንዴት አድርገን ልናስለምድ ነው?